የሁለት ቤት ስም፤ እቴጌ መነን ሊበን አመዴ

ስም አንድን ነገር ከሌላው ለይቶ ለመጥራት የሚያገለግል ቃል መሆኑን ቀደም ብላችሁ ተምራችኋል። በዚህ ምንባብ ስምን በሌላ በኩል እንመለከተዋለን። የሰውም ሆነ የአገር ስም ከየትኛው ቋንቋና ከምን ቃል እንደ ተሠራ ሲመረመር፣ ስሙን ያወጡት ሰዎች ከማን ጋር ይጎራበቱ፣ ከማን ጋር ይገበያዩና ይጋቡ እንደ ነበር ይመሰክራል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ አንዲት እመቤት የተጻፈ ቢሆንም የሚጀምረው ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ከገበያ ነው።

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ቆቦ የሚሄድ መንገደኛ የአላውሃን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ከሚያገኛቸው ከተሞች አንዷ ሮቢት ናት። (በሸዋም በዚሁ ስም የምትጠራ ከተማ ስላለች እንዳታምታቱ፤ ያችኛዋ «ሸዋ ሮቢት» ተብላ ትለያለች።) «ሮቢት» የሚለው ስም «ሮብ» በሚለው የቀን ስም ላይ «-ኢት» የሚል ቅጥያ ተጨምሮበት የተገኘ ነው። በገበያ ቀናቸው የተጠሩ ሐሙሲትና ማክሰኚት የሚባሉ ከተሞችም በሌላ አውራጃ አሉ። «ሮብ» ራሱ ከግዕዙ «ረቡዕ» የወረደ ሲሆን፣ ትርጉሙ አራተኛ ማለት ነው። በኦሮምኛም ይኸው ቀን «ሮቢ» ይባላል፤ ዐረብኛም ከአራት ቁጥር በወጣ ተቀራራቢ ቃል ይጠራዋል። እንግዲህ ወደዚህ ገበያ የሚመጣ ሰው ቋንቋው ከእነዚህ የትኛውም ቢሆን፣ ስሙን በሰማ ጊዜ የገበያውን ቀን አያጣውም።

አገሩ ሜዳ ነው። በስተ ምዕራብ የላስታ ደጋ፣ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል፤ ከዞብል ማዶ የአፋር ቆላ ይጀምራል። በስተ ደቡብ የጁ፣ በስተ ሰሜን አላማጣና ራያ አዘቦ ይዋሰኑታል። ገበሬው ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ማሽላና ጤፍ ያመርታል። እንዲህ ያለውን አገር ጸሐፊዎች «ጠረፍ» ይሉታል። ጠረፍ ማለት ዳር፣ መጨረሻ ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ቦታ ዳር የሚሆነው ከሌላ ቦታ ሆኖ ለሚመለከተው ነው። በጎንደር ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ለሚጽፍ ጸሐፊ የጁና ራያ የግዛት ዳር ነበሩ፤ በገበያው መካከል ለቆመ ነጋዴ ግን የደጋው፣ የቆላው፣ የሰሜኑና የደቡቡ መንገድ የሚገናኝበት ማዕከል ነው። ቃሉን በድርሰታችሁ ስትጠቀሙበት የማን ዳር እንደ ሆነ መጻፍ አትርሱ።

በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ሠርግ ሲደገስ የሁለቱ ሃይማኖት ተከታዮች የሚመገቡት ሥጋ ለየብቻ ታርዶ ለየብቻ ይሠራል፤ ጭፈራውና ምርቃቱ ግን በአንድ ላይ ነው። ይህን ልማድ በጥሞና ተመልከቱት። ልዩነቱ አልጠፋም፤ ቢላዋውም ድስቱም ተለይቶአል። ድግሱን የሚያሰናዳው ባለቤት ይህን ሁሉ አስቀድሞ አውቆ፣ ወጪውንም ችሎ ሁለቱንም ይጠራል። ይህ መተሳሰር በገበሬው ቤት ብቻ ተወስኖ አልቀረም። አገሩን ይገዙ በነበሩት መሳፍንት ቤትም ነበረ፤ እንዲያውም የአገር አገዛዝ ጉዳይ ሆኖ ኖሮአል።

ከ18ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ በዚህ አካባቢ ሁለት ታላላቅ የገዥ ቤቶች ስማቸው ተነሥቶአል። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው የየጁው «ወረ ሼህ» ነው። ሁለተኛው ከደሴ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በወረ ሂማኖ ይገዛ የነበረው የ«ማመዶች» ቤት ነው። ሁለቱን ስሞች እንተንትናቸው።

«ወረ» ከኦሮምኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ ቤተሰብ፣ ወገን፣ የእገሌ ቤት ማለት ነው። ከአማርኛው «ወሬ» ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ፣ ወረ ሂማኖ የሚሉት የወሎ ስሞች ሁሉ ይህንኑ ቃል ይዘዋል። «ሼህ» ደግሞ የዐረብኛ ቃል ነው፤ ሽማግሌ ወይም የሃይማኖት መምህር ማለት ነው። ስለዚህ «ወረ ሼህ» የሼሁ ቤት፣ የሼሁ ወገን ማለት ይሆናል። የቃላቱን ቅደም ተከተል አስተውሉ። በአማርኛ ባለንብረቱ ቀድሞ «የሼህ ቤት» እንላለን፤ በኦሮምኛ ግን «ቤት» ይቀድምና ባለንብረቱ ይከተላል። ስሙ የዐረብኛ ቃል ቢይዝም የተዋቀረው በኦሮምኛ ሥርዓት ነው።

«ማመዶች» ደግሞ ሌላ ነገር ያሳየናል። መሐመድ የሚለው የዐረብኛ ስም በሕዝብ አነጋገር «ማመድ» ሆነ፤ በላዩም የአማርኛ የብዙ ቁጥር አመልካች «-ኦች» ታከለበት። አማርኛ እንደ ልማዱ የተጸውዖ ስምን አያበዛም። አንድን ሰው ከነወገኑ ለመጥራት ስንፈልግ «እነ መሐመድ» እንላለን እንጂ «መሐመዶች» አንልም። ብዙ ቁጥሩ በተጸውዖ ስም ላይ በዋለ ጊዜ ግን ከአንድ ሰው የወረደ ዘር፣ በአንድ ስም የሚጠራ ቤት ማለት ይሆናል። እነሆ፣ የእስልምና ስም የያዘው ቤት በአማርኛ ሰዋስው ተሰየመ፤ የጎንደርን መንግሥት የመራው ክርስቲያን ቤት ደግሞ በኦሮምኛና በዐረብኛ ተጠራ። የወረ ሼህ ራሶች በጎንደር ነገሥታት ስም አገሩን ያስተዳደሩት ከ1770ዎቹ እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ ለ70 ዓመት ያህል ነው። ሁለቱም ቤቶች በየትውፊታቸው የትውልዳቸውን ሥር ከዐረብ አገር ከመጡ ሰዎች ይመዙ እንደ ነበር ደግሞ ልብ በሉ። ዘር ቆጠራ የደም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የክብር ጉዳይም ስለ ሆነ፣ መሳፍንቱ ሥራቸውን የሚፈልጉት ክብር ከሚያገኙበት አቅጣጫ ነው።

የምንባባችን ባለታሪክ የእነዚህ የሁለት ቤቶች መገናኛ ናቸው። ወይዘሮ መነን የተወለዱት ከማመዶች ቤት ነው፤ አባታቸው የወረ ሂማኖው ገዥ ኢማም ሊበን አመዴ ይባላሉ። «ሊበን» በኦሮሞ ዘንድ የታወቀ ስም ነው፤ «አመዴ» ደግሞ «አሕመድ» ከሚለው ስም የወጣ የወሎ አጠራር ነው። ወይዘሮ መነን የተዳሩት ለወረ ሼህ ልጅ፣ የራስ ጉግሳ መርሶ ልጅ ለሆኑት ለደጃዝማች አሉላ ጉግሳ ነበር። ባሏ ክርስቲያን ስለ ሆነ ሙስሊሟ የኢማም ልጅ ክርስትና ተነሡ። «ክርስትና ማንሣት» የክርስትና አባት ወይም እናት ሥራ ነው፤ «ክርስትና መነሣት» ግን የተጠማቂው ነው። ግሡ ተጠማቂው በፈቃዱ ይሁን በጋብቻው ውል ለይቶ አይናገርም። የመሳፍንት ልጆች ጋብቻ ጦር ከማሰለፍና ግብር ከመቀበል ጋር የተያያዘ ስለ ነበር፣ ሙሽራዪቱ ከአንድ ሃይማኖት ወደ ሌላው ስትሻገር ሁለት ግዛቶች ይታረቁ ነበር።

ይሁን እንጂ ጥምቀቱም ጋብቻውም ያላስቀሩት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የአባታቸው ስም ነው። በአገራችን ልማድ ሴት ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም። በዚህ ምክንያት ወይዘሮዪቱ የክርስቲያን መስፍን ሚስት፣ በኋላም የክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ባለቤት ሆነው ሳለ፣ ታሪክ የሚጠራቸው መነን ሊበን አመዴ ብሎ ነው። አንድ ሰው ስማቸውን ሙሉ በሙሉ በጠራ ቁጥር የወረ ሂማኖን ቤት አብሮ ይጠራል። የልጃቸውም ስም እንዲሁ ነው። ከአሉላ የወለዷቸው ልጅ ዓሊ ይባላሉ። ክርስቲያን ሆነው ሳለ በዚህ ስም የተጠሩት ከእርሳቸው በፊት በዚሁ ቤት ትልቁ ዓሊ የሚባሉ ራስ ስለ ነበሩ ነው። ስሙ የአያት ውርስ ሆኖ ተላልፎላቸው ነበር።

ዓሊ በ1823 ዓ.ም. ገደማ ራስ ሲባሉ ገና ልጅ ነበሩ። የየጁ መኳንንት ምክር ቢሰጡም ሥልጣኑ እየዋለ እያደረ ወደ እናቲቱ እጅ ገባ። ደጃዝማች አሉላ በሕይወት ስላልነበሩ ወይዘሮ መነን ሁለተኛ ባል አገቡ፤ በ1832 ዓ.ም. እኒህ ባላቸው ዐፄ ዮሐንስ 3ኛ ተብለው ሲነግሡ እርሳቸው እቴጌ ተባሉ። ዘመኑ ንጉሠ ነገሥቱ በስም ብቻ የሚነግሥበት ዘመነ መሳፍንት ስለ ነበር፣ ዘውዱ ከባላቸው ራስ ላይ ይሁን እንጂ ጦሩና ርስቱ በእቴጌዪቱና በልጃቸው እጅ ነበር። የደምቢያ አገር ከግዛታቸው አንዱ ነበር፤ ሠራዊት አስከትለውም ይዘምቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር የዚህ ምንባብ ዋና ጉዳይ ነው። የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የራስ ዓሊን ሥልጣን ለመውሰድ ይፈልጉ ነበር። ጵጵስናው ለብዙ ዓመት ባዶ ሆኖ ኖሮ ስለ ነበር ከግብፅ ጳጳስ አስመጡ፤ አቡነ ሰላማ በ1834 ዓ.ም. ገቡ። ውቤ ጳጳሱን ይዘው ሲዘምቱ ያነሡት ክስ ራስ ዓሊ ክርስቲያን የሚባሉት በስም ብቻ ነው፣ ልባቸው ከእስልምና ጋር ነው የሚል ነበር። የእናታቸው ዘመዶች የወረ ሂማኖ ኢማሞች መሆናቸው፣ በግቢያቸውም ሙስሊሞች መከበራቸው እንደ ማስረጃ ይቆጠር ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በደብረ ታቦር ጦርነት ሆነ። የውቤ ወገን ድል አደረገ፤ ነገር ግን ድሉን በሚያከብሩበት ሰዓት ከራስ ዓሊ ዘመዶች አንዱ ድንገት ደርሶ ውቤን ማረካቸው። ዓሊ ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ። እንዲህ ያለ ድል በታሪክ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

የክሱን ሰዋስው እንመርምር። «ዓሊ ሙስሊም ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር አንድ ባለቤትና አንድ ማሰሪያ አንቀጽ ብቻ ይዞ ብዙ ነገር ይሸፍናል። የቤታቸው አመጣጥ፣ የእናታቸው ትውልድ፣ የተጠመቁበት ሥርዓት፣ የስማቸው ውርስ ሁሉ በአንድ ቃል ተጨምቆ፣ ቃሉ ደግሞ ጦር ማስነሻ ሆነ። ከሳሹ ራሳቸው ከዚህ ዝምድና ንጹሕ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ባልደነቀን ነበር። ነገር ግን የደጃዝማች ውቤ አባት ኃይለ ማርያም ገብሬ የራስ ጉግሳን ልጅ ወይዘሮ ሂሩትን አግብተው ብጡልን ወልደዋል። ስለዚህ ውቤ በአባት የሚገናኙት ወንድማቸው የወረ ሼህ የልጅ ልጅ ነበር። ወይዘሮ ሂሩት ደግሞ የእቴጌ መነን የመጀመሪያ ባል የደጃዝማች አሉላ እኅት መሆናቸው ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ የጋብቻ መረብ ውስጥ ነበሩ።

የእቴጌ መነን ግቢም በዚህ በኩል ከነቀፋ አያመልጥም። ቋራ ውስጥ የሸፈቱት ካሣ ኃይሉ ኃይላቸው ሲበረታ፣ እቴጌዪቱና ራስ ዓሊ በጋብቻ ሊያስሩአቸው አስበው የዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩላቸው። ሆኖም በግቢው ካሣን የሚያከብር አልነበረም። እናታቸው በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጠዋል እየተባለ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይባሉ ነበር። ከእቴጌዪቱ መኳንንት አንዱ ይህንኑ ስድብ ፎክሮ ሊይዛቸው ሄዶ ራሱ ተማረከና ካሣ ኮሶ አጠጡት ተብሎ ይነገራል። በትውልዳቸው ሲነቀፉ የኖሩ ሰዎች ሌላውን በእናቱ ሥራ ነቀፉት ማለት ነው። በሰኔ 1839 ዓ.ም. እቴጌ መነን ራሳቸው ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ከካሣ ጋር ገጥመው ቆሰሉ፤ ከባላቸውም ጋር ተማረኩ። የተለቀቁት ካሣ የደጃዝማችነት ማዕረግና የእቴጌዪቱን ግዛት ተቀብለው ነው። ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም. በአይሻል በተደረገው ጦርነት ራስ ዓሊ ፈጽመው ተሸነፉና ወደ ዘመዶቻቸው አገር ወደ የጁ ሸሹ። ወይዘሮ ተዋበች ግን ከባላቸው አልተለዩም፤ ባላቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡም አብረው ነበሩ፤ በ1850 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ በዚያው ጸኑ።

አሁን ስለ እቴጌ መነን ገላጭ ድርሰት ጻፉ ብትባሉ እንዴት ትጀምራላችሁ? ብዙ ተማሪ «መነን የወሎ ሙስሊም ነበሩ» ወይም «መነን የጎንደር እቴጌ ነበሩ» ብሎ ይጀምራል። ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ሰዋስዋቸው ትክክል ነው፤ ሐሰትም የላቸውም። ስሕተቱ ያለው «ነበሩ» ላይ ነው። ይህ ቃል ጊዜውን ሳይወስን ሲቀር፣ አንድ ጊዜ የሆነውን ሁልጊዜ እንደ ነበረ ያስመስለዋል። ይልቁንስ «ከወረ ሂማኖ ኢማም ተወልደው ለየጁ መስፍን ሲዳሩ ክርስትና የተነሡት ወይዘሮ መነን፣ በ1832 ዓ.ም. በጎንደር እቴጌ ተባሉ» ብትሉ፣ ቦዝ አንቀጹና ጥገኛው ሐረግ የትኛው እንደ ቀደመና የትኛው እንደ ተከተለ ያስረዳሉ። ዐረፍተ ነገሩ ረዝሞአል፤ ነገር ግን የተጨመረው ቃል ሁሉ ሥራ አለው።

የራያ ተማሪ ይህ የጽሕፈት ጥንቃቄ ብቻ እንዳይደለ ያውቃል። በ1980ዎቹ የክልሎች ወሰን ቋንቋን መሠረት አድርጎ ሲሠመር ራያ ቆቦ በአማራ ክልል፣ አላማጣና ራያ አዘቦ በትግራይ ክልል ተመደቡ። ወሰኑ ብዙ ዘመዳሞችን ለሁለት ከፈለ፤ በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነትም አንዱ የጠብ ምክንያት ሆነ። «የማን ወገን ነህ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ቃል ብቻ መልስ በሚፈልግበት ጊዜ፣ አባቱ አንድ ቋንቋ እናቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ሰው ምን እንደሚመልስ ይቸግረዋል።

የእቴጌ መነን ዘመዶች ታሪክ በአይሻል አላበቃም። የወይዘሮ ሂሩት ልጅ ብጡል ጣይቱን ወለዱ። ኋላ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የነገሡት እቴጌ ጣይቱ ብጡል እንግዲህ በአባታቸው እናት በኩል የራስ ጉግሳ ቤት ናቸው፤ ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡልም የጁን ገዝተዋል። በማመዶች ቤት በኩል ደግሞ፣ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀረቡባቸው ክሶች ዋነኛው ወደ እስልምና አዘንብለዋል የሚል ነበር። በ1834 ዓ.ም. በራስ ዓሊ ላይ ከተነገረው ጋር አስተያዩት፤ በመካከሉ 75 ዓመት አለ።

የንጉሥ ሚካኤል ሴት ልጅ ወይዘሮ ስሂን ለአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ተድረው በ1883 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለዱ። ይህችም ልጅ መነን ተባለች። በ1923 ዓ.ም. ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ዘውድ የጫኑት እቴጌ መነን አስፋው እርሳቸው ናቸው፤ በ1954 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ደሴ ውስጥ በእናቲቱ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በልጅቱ ስም የተጠሩ ትምህርት ቤቶች አሉ።

መልመጃ። በምትኖሩበት ወረዳ ከሚገኙት የቦታ፣ የገበያ ወይም የቤተሰብ ስሞች ከሁለት ቋንቋ የተሠራ አንድ ስም ምረጡ። ከየትኞቹ ቃላት እንደ ተሠራ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ፤ «ነበረ» ወይም «ነበሩ» በጻፋችሁበት ቦታ ሁሉ መቼ እንደ ሆነ መግለጻችሁን እንደገና አንብባችሁ አረጋግጡ።